የእንስሳት መጠለያ ለማገዝም ሆነ ውሻ ወይ ድመት ለመውሰድ ያሰባችሁ፣ ከዚህ ጀምሩ

መጠለያ የሚመጣ ሰው አብዛኛው አንጀቱን በልቶት ነው የሚመጣው፣ ወይ ፎቶ አይቶ ነው፣ ወይ ካርቶን ውስጥ የተጣሉ ቡችሎች አግኝቶ ነው፣ ወይ ደግሞ የራሱ ውሻ ሞቶበት ባዶ ቤት መግባት ከብዶት ነው። እኔም እንደዛ ነው የጀመርኩት። ግን ባለፉት አመታት ያየሁት ምን መሰላችሁ፣ መጀመሪያ ቀን ኬጅ ስር ተቀምጦ ያለቀሰው ሰው ሶስተኛው ሳምንት ላይ የለም። ይዞት የሚወጣውን ሰው ኮቴ ከሌላው ለይቶ የሚያውቅ አንድ ውሻ ነበረን፣ ሰውየው መምጣት ካቆመ በኋላ ኮሪደሩ ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ተነስቶ ያይና ተመልሶ ይተኛል። ስለዚህ በሳምንት የምትችሉት ሁለት ሰአት ብቻ ከሆነ ሁለት ሰአት ብላችሁ ተመዝገቡ፣ በቃ እሷን ሳትቀሩ ያዙ። በየቀኑ እመጣለሁ ብሎ ከሚጠፋ ሰው ይልቅ እኔ ሁሌ ማክሰኞ ነኝ የሚል ሰው ለኛ ወርቅ ነው።

ከመመዝገባችሁ በፊት ግን መጠለያው ምን አይነት እንደሆነ እወቁ። የመንግስት የሆነ መጠለያ ከግል ማህበር ይለያል፣ ብዙ ጊዜ ሞልቷል ብሎ በሩን መዝጋት አይችልም፣ ከመንገድ የተያዘውም፣ ሰው የነከሰውም፣ ባለቤቱ የሞተበትም፣ የታመመውም እዛው ነው የሚመጣው። ከመንገድ የመጣ እንስሳ ደግሞ ባለቤቱ ፈልጎ ሊመጣ ስለሚችል በብዙ ቦታ በህግ የተቀመጠለት የመጠበቂያ ጊዜ አለ፣ እሱ ሳያልፍ ማንም አይወስደውም፣ ስንቱ ሰው "ባዶ ቤት አለኝ ለምን አትሰጡኝም" ብሎ ይቆጣል መሰላችሁ። ቦታ ሲጠብ ወይ እንስሳው በጣም ሲታመም በመርፌ እንዲሞት የሚደረግበት መጠለያም አለ። ይሄንን ከመጀመራችሁ በፊት በግልጽ ጠይቁ፣ በየስንት ጊዜው ነው፣ ማን ነው የሚወስነው፣ በጎ ፈቃደኛ ይነገረዋል ወይ ብላችሁ። መልሱ ከከበዳችሁ ሌላ አይነት ስራ ምረጡ፣ ማንም አይፈርድባችሁም። ስታፉ ላይ ግን አትጩሁ፣ ያንን መርፌ የያዘው ሰው ውሻውን ከናንተ በላይ ያውቀዋል፣ ጠዋት የመገበው እሱ ነው።

ስትገቡ አይናችሁ ምን ማየት እንዳለበት ደግሞ ልንገራችሁ። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1965 በወጣ የመንግስት ኮሚቴ ሪፖርት የተጀመረ፣ በኋላ በ1979 አምስቱ ነጻነቶች ተብሎ መልክ የያዘ ሀሳብ አለ። መጀመሪያ የታሰበው ለእርሻ እንስሳት ነበር፣ አሁን ለሁሉም ይሰራል፣ ከረሃብና ከጥም ነጻ መሆን፣ ከማይመች ቦታ ነጻ መሆን፣ ከህመምና ከጉዳት ነጻ መሆን፣ ተፈጥሮው የሚፈልገውን ማድረግ መቻል፣ ከፍርሃትና ከጭንቀት ነጻ መሆን። እኔ አንድ ኬጅ ፊት በቆምኩ ቁጥር እነዚህን አምስቱን በልቤ አልፋቸዋለሁ። ውሃው ተደፍቷል? የሚተኛበት እርጥብ ነው? እያነከሰ ነው? ዛሬ ወጥቶ መሬት አሽትቷል? ጥግ ይዞ ነው ያለው? አንዱ ከጎደለ ለስታፉ ትናገራላችሁ። የመጀመሪያዎቹ ሶስቱ በአብዛኛው በስታፉ ይሟላሉ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ግን ሰአት ይፈልጋሉ፣ ስታፉ የሌለው ደግሞ ሰአት ነው፣ እኛ የምንገባው እዛ ጋ ነው።

የመጀመሪያው ቀን

ፎርም ትሞላላችሁ፣ ስልጠና ትወስዳላችሁ፣ እድሜ ይጠየቃል፣ እዚህ ላይ ብዙ የሚባል የለም። ስለ ክትባት ግን ሀኪም አማክሩ፣ የቴታነስ ክትባታችሁ ጊዜው አልፎ እንደሆነ አረጋግጡ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ባለበት አካባቢ የምትሰሩ ከሆነ ደግሞ ሳትነከሱ በፊት የሚሰጠው ክትባት እንዳለ ጠይቁ። ረጅም ሱሪ፣ ድፍን ጫማ፣ የሚንጠለጠል ጌጥም ሻርፕም አይኑር፣ ስልካችሁ ኪስ ውስጥ ይግባ።

መጀመሪያ የሚሰጣችሁ ስራ ጽዳት ነው። የሚከፋው ሰው አለ፣ እኔ ውሻ ላጫውት ነው የመጣሁት ብሎ። በኔ እምነት ግን መጠለያ ውስጥ ነፍስ የሚያድነው ቁጥር አንድ ስራ እሱ ነው፣ ምክንያቱም ፓርቮ የሚባለው የቡችሎች ቫይረስ ውጭ ላይ ለወራት ሳይሞት ይቆያል፣ በጫማ ሶል፣ በባልዲ፣ በእጅ ይሄዳል፣ ያልተከተበ ቡችላ ካገኘ በተቅማጥና በትውከት በጥቂት ቀን ይገድላል። ፓንሉኮፔኒያ የሚባለው የድመቶች ቫይረስም የዛው ቤተሰብ ነው። አሁን ይሄን ስሙኝ፣ ሰው ሁሉ እጁ ላይ የሚያደርገው አልኮል ጄል ፓርቮን አይገድልም። እጅ በሳሙናና በውሃ ይታጠባል፣ ጓንት ከኬጅ ወደ ኬጅ ይቀየራል፣ እቃ ደግሞ በበረኪና ወይ መጠለያው በሚጠቀምበት ፀረ ተህዋሲያን ይጸዳል።

አጸዳዱ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ እዳሪውና የተረፈው ምግብ ይነሳል፣ ከዛ በሳሙና ይፈገፈጋል ይታጠባል፣ ከዛ ነው በረኪናው የሚመጣው፣ ምክንያቱም በረኪና ቆሻሻ ላይ ከፈሰሰ ጉልበቱ ያልቃል፣ የሸተተ ብቻ ይሆናል። ከዛ ቶሎ አትጠቡት፣ እቃው ላይ የተጻፈውን ደቂቃ፣ አብዛኛውን ጊዜ 10 ደቂቃ፣ እርጥብ እንደሆነ ይቆይ፣ ከዛ ታጥቦ ይድረቅ። እንስሳው በዚህ ሁሉ ጊዜ ሌላ ቦታ ነው የሚሆነው፣ በረኪና ያለበት ወለል ላይ ቆሞ መዳፉን የሚልስ ውሻ እንዳታደርጉት። በረኪናን ከአሞኒያ ወይ ከአሲድ ጋር አትቀላቅሉ፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል፣ ሽንትም ራሱ አሞኒያ ስለሚኖረው መጀመሪያ በውሃ ይሂድ። ተራውም ከጤነኛ ቡችሎችና የድመት ግልገሎች ተጀምሮ ወደ ትልልቆቹ፣ መጨረሻ ላይ የታመሙት ጋ ነው፣ መቼም ተመልሳችሁ ወደ ቡችሎቹ አትሄዱም። ቤታችሁ የራሳችሁ እንስሳ ካለ ጫማችሁን ውጭ አውልቁ፣ ልብስ ቀይሩ፣ ክትባቱም የተሟላ ይሁን።

ውሻ የሚለውን መስማት

መጠለያ ውስጥ ያለ ድምጽ ከ100 ዴሲቤል በላይ ሲደርስ ተለክቷል፣ ሰው ጆሮ መሸፈኛ የሚያደርግበት ደረጃ ነው፣ ውሻ ደግሞ ከኛ በላይ ይሰማል። እዛ ውስጥ ቀን ከሌት ያለ ውሻ እቤቱ ሶፋ ስር ከሚተኛ ውሻ ጋር አንድ አይነት ጸባይ እንዲኖረው አትጠብቁ። ኬጁ ላይ እየዘለለ የሚጮህ ብዙ ጊዜ ጨካኝ ሳይሆን የተጨነቀ ነው፣ ጥግ ይዞ ዝም ያለው ደግሞ ጨዋ ስለሆነ ላይሆን ይችላል፣ ፈርቶ ደንዝዞ ሊሆን ይችላል።

ውሻ ከመንከሱ በፊት ይናገራል፣ እኛ አንሰማም እንጂ። ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን ይልሳል፣ ሳይደክመው ያዛጋል፣ ፊቱን ያዞራል፣ ጭንቅላቱን ሳያንቀሳቅስ የአይኑ ነጭ እስኪታይ በጎን ያያችኋል፣ ሲያለከልክ የነበረው አፉን ድንገት ይዘጋና ሰውነቱ ድርቅ ይላል። ይሄኛው ላይ ከደረሰ በጣም ዘግይታችኋል፣ እጃችሁን ቀስ ብላችሁ መልሱ፣ ጎናችሁን ስጡት፣ አትሩጡ። ጭራውን የሚቆላ ሁሉ ደስ ብሎታል ማለት አይደለም፣ ጭራው ወደ ላይ ቆሞ በአጭር በአጭሩ እየተንቀጠቀጠ ሰውነቱ ከደረቀ ሌላ ነገር ነው፣ ደስ ያለው ውሻ ከወገቡ ጀምሮ ሁለ ነገሩ ነው የሚቆላው። ሲያጉረመርም ደግሞ አትቆጡት ፕሊስ። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው፣ ተቆጥታችሁ ካስተዋችሁት ቀጥሎ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል፣ ያኔ የሚወቀሰው እሱ ነው፣ ህይወቱም ሊያልፍበት ይችላል።

አዲስ ውሻ ስትተዋወቁ ከላዩ አትቁሙ፣ ጎን ሰጥታችሁ ቁጭ በሉ፣ እሱ ይምጣ። ሲመጣ ጭንቅላቱ ላይ እጅ አትጫኑ፣ ደረቱን ወይ ትከሻውን ለሶስት ሰከንድ ያህል ዳብሱትና አቁሙ። እሱ ራሱ ወደናንተ ከተጠጋ ቀጥሉ፣ ከራቀ ወይ ካራገፈው በቃ ዛሬ አይፈልግም። ይቺ ትንሽ ነገር ስንት ንክሻ እንዳዳነች።

ለማውጣት ስትዘጋጁ አንገት ማሰሪያው ውስጥ ሁለት ጣት ብቻ የሚገባ መሆኑን እዩ፣ ከዛ በላይ ከሰፋ ወደ ኋላ ስቦ ጭንቅላቱን ያወጣል። በር በሰውነታችሁ ዝጉና ገመዱ ከታሰረ በኋላ ክፈቱ። ፈሪ ውሻ ከሆነ ሁለት ገመድ፣ አንዱ አንገቱ ላይ አንዱ ደረቱ ማሰሪያ ላይ። ኮሪደሩ ላይ ከሌላ ውሻ ጋር ፊት ለፊት አታገናኙት፣ ሌላው እስኪያልፍ ጠብቁ። ውጭ ስትወጡ ደግሞ ስፖርት ልታሰሩት አትጣደፉ፣ ያሽት። አፍንጫው መሬት ላይ ሆኖ ሃያ ደቂቃ አንድ ግንድ ዙሪያ ቢዞር ተውት፣ ለሱ ሳምንቱን ሙሉ ሲጠብቀው የነበረ ነገር ነው።

ዝናብ ከሆነ ወይ ማውጣት ካልቻላችሁም ግቡና አብራችሁ ቁጭ በሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ አንድ ጥናት የመጠለያ ውሾች ከማያውቁት ሰው ጋር ለ15 ደቂቃ ተቀምጠው ሲዳበሱ ሲረጋጉ ታይቷል። በ2023 አሜሪካ ውስጥ በበርካታ መጠለያዎች የተሰራ ጥናት ደግሞ ለአጭር ጊዜ ሽርሽር የወጡ ውሾች ቤት የማግኘት እድላቸው ካልወጡት 5 እጥፍ ያህል፣ አንድ ሁለት ቀን ሰው ቤት ያደሩት ደግሞ 14 እጥፍ ያህል ሆኖ ነው ያገኘው። ሰው ካየው ይወስደዋል ነው ነገሩ። ስለዚህ ይዛችሁት ስትወጡ "ቤት ይፈልጋል" የሚል ነገር ደረቱ ላይ ይኑር፣ ፎቶም አንሱት ግን ከኬጁ ውጭ፣ በብርሃን፣ በአይኑ ቁመት ዝቅ ብላችሁ፣ ከሽቦ ጀርባ ያለ የሚያሳዝን ፊት አትለጥፉ። ጽሁፉም "ነገ ይሞታል አድኑት" ከሚል "ኳስ ይወዳል፣ መኪና ውስጥ ይተኛል፣ ድመት አይወድም" ቢል ትክክለኛው ሰው ጋ ይደርሳል። ድመት አይወድም የሚለውን ደግሞ አትደብቁ፣ የደበቃችሁት ነገር ውሻውን በሳምንቱ ያስመልሰዋል።

ድመቶች

ድመት ክፍል የሚገባ ሰው ያነሰ ነው፣ እኔን የሚያሳዝነኝ እሱ ነው። ድመት ሲጨነቅ አይጮህም፣ ይደበቃል፣ መብላት ያቆማል። ኔዘርላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ጥናት አዲስ ለገቡ ድመቶች መደበቂያ ሳጥን ሲሰጣቸው ካልተሰጣቸው ቶሎ ተረጋግተዋል። ሳጥን ማለት ተራ ካርቶን ነው! ስለዚህ ድመቱ ካርቶኑ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ካለ ጎትታችሁ አታውጡት፣ ፊት ለፊቱ አትቁሙ፣ ጎን ለጎን ተቀመጡና አይናችሁን ቀስ ብላችሁ ጨፍናችሁ ክፈቱ፣ ብዙዎቹ ይመልሱላችኋል። ስታጸዱም አልጋው ካልቆሸሸ አትቀይሩት፣ የራሱ ሽታ ያለበት ጨርቅ ነው የሚያጽናናው። ሳህኑ እንደሞላ ካገኛችሁት ግን ያኔውኑ ተናገሩ፣ ድመት ሁለት ቀን ሳይበላ ከቆየ፣ በተለይ ወፍራም ከሆነ፣ ጉበቱ ከባድ አደጋ ላይ ይወድቃል። እርጉዝ የሆነች ሴት የድመት አሸዋ ባትነካ ይመረጣል፣ ቶክሶፕላዝማ በሚባለው ተውሳክ የተነሳ። ተውሳኩ ከእዳሪው ጋር ወጥቶ ሰው መያዝ የሚችለው ከ1 እስከ 5 ቀን ቆይቶ ስለሆነ አሸዋውን በየቀኑ ማንሳት ለሁሉም ሰው ይጠቅማል።

ሰሞኑን የተወለዱ ግልገሎች መንገድ ላይ ያገኛችሁ እንደሆነ አትቸኩሉ፣ እናታቸው ምግብ ፍለጋ ሄዳ ሊሆን ይችላል። አደጋ ላይ ካልሆኑ ራቅ ብላችሁ ጥቂት ሰአት ጠብቁ፣ እናት ከምትሰጠው የተሻለ ነገር ማናችንም የለንም። በእርግጥ ካልመጣች ነው መጠለያ የምትደውሉት ወይ እራሳችሁ በጊዜያዊነት የምትይዙት። ያኔ መጀመሪያ ማሞቅ ነው፣ የቀዘቀዘ ግልገል ሲመገብ መፍጨት አይችልም። የላም ወተት አይሆንም፣ ተቅማጥ ያመጣባቸዋል፣ ለግልገል ድመት የተዘጋጀ ወተት አለ። በመጀመሪያው ሳምንት በየ2 እና 3 ሰአቱ ነው፣ ሌሊትም ጭምር፣ በሆዳቸው አስተኝታችሁ እንጂ እንደ ህጻን በጀርባቸው አይደለም፣ ወደ ሳንባ ይገባል። ከበሉ በኋላ በለብ ያለ እርጥብ ጥጥ ስራቸውን ታሻላችሁ፣ እስከ ሶስት ሳምንት ገደማ ብቻቸውን መሽናት አይችሉም። ከባድ ነው፣ እንቅልፍ የለም፣ ግን ግልገል ድመት ሰውን የሚለምደው ከ2 እስከ 7 ሳምንቱ ባለው ጊዜ ነው፣ ቡችላ ደግሞ ከ3 እስከ 12 ወይ 14 ሳምንቱ፣ ያን ጊዜ በሰው ቤት ያሳለፈ እንስሳ እድሜ ልኩን ይለያል።

ማምከንን በተመለከተ የሚከራከረኝ ሰው አይጠፋም፣ "ተፈጥሮዋን ለምን ትከለክሏታላችሁ" የሚል። ሴት ድመት በ4 ወሯ ልታረግዝ ትችላለች፣ እርግዝናው ሁለት ወር ገደማ ነው፣ እያጠባች ራሱ ደግማ ታረግዛለች። በየአመቱ ግልገሎቹ በካርቶን በካርቶን ሲመጡ የቆመ ሰው ይሄን ክርክር አይከራከርም። የሜዳ ድመቶች ሰው የማይለምዱ ከሆኑ ተይዘው፣ መክነው፣ ተከትበው ወደነበሩበት ይመለሳሉ፣ የጆሮዋ ጫፍ የተቆረጠ ድመት ካያችሁ ተሰርቶላታል ማለት ነው፣ ደግማችሁ አታስይዟት።

ከተነከሳችሁ

ሳትደናገጡ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ ሰአት እያያችሁ፣ አስራ አምስት ደቂቃ ረጅም ነው። ከዛ በቀጥታ ጤና ተቋም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፣ ከዛ በፊት በጊዜ ክትባቱን የወሰደ ግን ይድናል፣ በአለም ላይ ሰው ከያዘው ውስጥ እስከ 99 በመቶው ከውሻ ነው የሚመጣው። ለስታፉም ተናገሩ። ውሻው እንዳይጎዳ ብላችሁ አትደብቁ፣ እኔ አንዴ ደብቄ አውቃለሁ፣ ትንሽ ጭረት ነበረች፣ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጥቼ ነው የተናገርኩት። የነከሰው ውሻ ለ10 ቀን ተለይቶ ይታያል፣ ጤነኛ ሆኖ ከጨረሰ በነከሰበት ሰአት ቫይረሱን አላስተላለፈም ማለት ነው፣ ማወቁ ለናንተም ለሱም ይጠቅማል።

ወደ ቤት ልትወስዱ ከሆነ

መጀመሪያ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይስማማ። ሰርፕራይዝ አይደረግም፣ ለልደትም ለማንም። ተከራይ ከሆናችሁ አከራዩን ጠይቁ። አለርጂ ያለበት ሰው ካለ መጠለያው ውስጥ አንድ ሁለት ሰአት ይቆይና ይታይ። ክትባት፣ ምግብ፣ የትላትል መድኃኒት፣ ህክምና፣ ጉዞ ስትወጡ ማን ይይዘዋል፣ ይሄን ሁሉ አስቡ፣ ለአስራ ምናምን አመት ነው የምትፈርሙት።

ቡችላ ሁሉም ሰው ይፈልጋል። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ስራ የሚውል ሰው ሲመጣ ትልቅ ውሻ ውሰድ ነው የምለው፣ አምስት ስድስት አመት የሆነው። ቁመቱ ታውቋል፣ ጸባዩ ታውቋል፣ ሽንቱን ይይዛል፣ ቡችላ ግን በየሁለት ሰአቱ ሰው ይፈልጋል። ስትመርጡ አንድ ቀን አይታችሁ አትወስኑ፣ ሁለተኛ ቀን ተመለሱ፣ ከኬጅ ውጭ ጸጥ ያለ ቦታ እዩት፣ ይዞት የሚወጣውን በጎ ፈቃደኛ ፈልጋችሁ ጠይቁ። ጥያቄውም "ጥሩ ውሻ ነው ወይ" ሳይሆን፣ ሲበላ ቢጠጉት ምን ያደርጋል፣ ልጅ አይቶ ያውቃል ወይ፣ ብቻውን ሲሆን ምን ይሆናል፣ ምን ያስፈራዋል፣ ከዚህ በፊት ተወስዶ ተመልሷል ወይ ከተመለሰስ ለምን የሚል ይሁን። ስለናንተ ሲጠይቋችሁም ቅር አይበላችሁ፣ ፖሊስ ሆነው አይደለም።

የወሰዳችሁት ቀን በቀጥታ ወደ ቤት። ዘመድ አትሰብስቡ፣ አታጥቡት፣ ገበያ ይዛችሁት አትዙሩ። ግቢ ውስጥም ቢሆን ገመዱ አይፈታ፣ ከመጠለያ የወጣ ውሻ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው የሚጠፋው፣ ቤቱ የት እንደሆነ ገና አያውቅም። አንድ ክፍል ወይ አንድ ጥግ ስጡት፣ የሚተኛበት፣ ውሃው፣ ምግቡ እዛው፣ ማንም የማይነካው። ምግቡን መጠለያው ሲሰጠው በነበረው ጀምሩና ከ7 እስከ 10 ቀን እየቀላቀላችሁ ወደ አዲሱ አሻግሩት፣ ድንገት ከተቀየረ ተቅማጥ ነው። ሌሊት ቢያለቅስ አጠገቡ ተኙ፣ ይቀብጣል የሚለውን ወሬ ተዉት፣ አካባቢውም ሽታውም ሁሉ ተቀይሮበታል።

ሰዎች ሶስት ቀን፣ ሶስት ሳምንት፣ ሶስት ወር ይላሉ። ሶስት ቀን ድንጋጤው፣ ሶስት ሳምንት የቤቱን ስርአት ማወቅ፣ ሶስት ወር ቤቴ ነው ማለት። ህግ አይደለም፣ አንዳንዱ አመት ይፈጅበታል፣ ግን በአራተኛው ቀን "አልበላም፣ አይጫወትም፣ አይወደኝም" ብላችሁ ከመደወላችሁ በፊት አስታውሱት። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ያላያችሁት ጸባይ ብቅ ሊል ይችላል፣ መጮህ፣ ጫማ ማኘክ። ተረጋግቶ እራሱን ማሳየት ጀመረ ማለት ነው።

ቤት ሌላ ውሻ ካለ መጀመሪያ ውጭ፣ የማንም ባልሆነ ቦታ፣ ሁለት ሰው ሁለት ገመድ ይዞ ራቅ ራቅ ብሎ አብሮ መሄድ፣ ቀስ እያሉ ማቀራረብ። ድመት ከሆነ ሌላ ክፍል ዘግቶ ለቀናት ጨርቃቸውን እያቀያየሩ ሽታ ማስለመድ፣ ከዛ ከበሩ ወዲህና ወዲያ ማብላት፣ ከዛ በትንሽ ክፍተት መተያየት። ይሄን የዘለለ ሰው ብዙ ጊዜ ይጸጸታል። ልጆች ካሉ ውሻው ሲበላና ሲተኛ አይነኩትም፣ ብቻቸውንም አይተዉም፣ ውሻው የፈለገ ጨዋ ቢሆን።

ቤት ውስጥ ያለ ነገር ስትመለከቱ ቸኮሌት፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ወይንና ዘቢብ፣ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ያለበት ማስቲካ ከውሻ ይራቅ። ለድመት ፓራሲታሞል አንድ ፍሬ እንኳን ይገድላል፣ ሊሊ የሚባለው አበባ ኩላሊታቸውን ያጠፋል፣ ለውሻ የተሰራ ፐርሜትሪን የሚባል ኬሚካል ያለበት የቁንጫ መድኃኒት ድመት ላይ ፈጽሞ አይደረግም። የወሰዳችሁትን እንስሳ በመጀመሪያው ሳምንት ቬት (የእንስሳት ሀኪም) ጋ ውሰዱት። ቡችላ ከሆነ ክትባቱ እስከ 16 ሳምንት እድሜው ድረስ ይደጋገማል፣ አንዴ ተወግቷል ብላችሁ አትተዉ። ቢያስታውክ፣ ደም ያለበት ተቅማጥ ቢኖረው፣ ሳታድሩ ሂዱ። መጠለያው አታለለኝ አትበሉ፣ ፓርቮ ከተያዘ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ቀናት ይፈጃል፣ ሲሰጣችሁ ጤነኛ ይመስል ነበር።

ካልሆነ ደግሞ መልሱት። ሞክራችሁ፣ አሰልጣኝ ጠይቃችሁ፣ ቬት አይቶት፣ አሁንም ካልሆነ ወደዛው መጠለያ መልሱትና እውነቱን ንገሯቸው፣ ድመት ያሳድዳል፣ ሰው ሲወጣ በር ይቧጭራል፣ ህጻን ይፈራል፣ ምንም ሳትደብቁ። ለሰው አሳልፋችሁ አትስጡ፣ መንገድ ላይ አትተዉት። አንድ ቡናማ ውሻ ሁለት ጊዜ ተመልሶ ነበር፣ ሁለቱም ቤተሰቦች ብቻውን መሆን እንደማይችል ጻፉ፣ ሶስተኛ ጊዜ እቤቷ ሆና የምትሰራ ሴትዮ ያንን ወረቀት አንብባ ነው የወሰደችው።

የማይክሮቺፑን ነገር እንዳትረሱ። እንስሳው ቆዳ ስር የምትገባ፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል ነገር ናት፣ 15 አሃዝ ቁጥር ብቻ ነው ያለባት፣ የት እንዳለ አትናገርም፣ ጂፒኤስ አይደለችም። ሰው አግኝቶት መጠለያ ሲያመጣው በማሽን ይነበብና በቁጥሩ የተመዘገበው ስልክ ይደወላል። ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ይነበባል ስልኩ ግን አይሰራም፣ ወይ በመጠለያው ስም እንደተመዘገበ ቀርቷል፣ ውሻው ደግሞ ባለቤት እያለው ኬጅ ውስጥ ቀኑን ይቆጥራል። በወሰዳችሁበት ቀን በስማችሁ አስመዝግቡት፣ ስልክ ስትቀይሩም ቤት ስትቀይሩም ደውላችሁ አስለውጡት።